ወደ ቅዳሜ ገበያ የተደወለ ስልክ

በዚያ ቅዳሜ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሼባ፣ ቤቴ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ባለቤቴ፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጄ፤ ከታች ፎቅ የሚኖሩት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፤ ስለ ውሃ ልታጠና ከአዲስ አበባ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣች ተማሪ፤ እና እኔ። ትልቁ ልጄ ወታደር ስለሆነ አልነበረም። ነገር ግን ስልኬ ያልጠፋው በእሱ ምክንያት ነውና ከነበሩት ጋር ልቁጠረው።

ቤተ እስራኤል ነንና በሰንበት፣ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ስልክ አንነካም። ልጄ ውትድርና ከገባ ወዲህ ግን ዓርብ ማታ ስልኬን ማጥፋት አቃተኝ። አባባን ጠየቅኋቸው። «ክፍት ይሁን» አሉኝ፣ «ከልጅሽ በኩል ከሆነ አንሺ፣ ሌላ ከሆነ አይተሽ እለፊ።» እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ስልኩን ሳሎን ካለው መሳቢያ ላይ አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ በዓይኔ እጠብቀዋለሁ። ባለቤቴ፣ ስልኩ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ያፍርሻል እያለ ይቀልድብኛል።

በየሰንበቱ እኩለ ቀን ላይ የሚጮኸው ግን የልጄ አልነበረም። የእህቴ ባል ነው። እህቴ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እኛ ወደዚህ ስንመጣ እሷ ክርስቲያን አግብታ ስለነበር እዚያው ቀረች። ቀዬዋ ከጎንደር ወዲያ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ደጋ ላይ ነው። ስልክ አይሠራም። ኔትወርክ የሚገኘው ገበያ ወደሚቆምባት ትንሽ ከተማ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ገበያው ደግሞ የሚቆመው ቅዳሜ ነው። እሱ ስልክ የሚያገኝበት ቀን እኔ ስልክ የማልነካበት ቀን ሆነ። ሰንበት ወጥቶ መልሼ ስደውልለት ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ተሻግሯል።

ለስንት ዓመት እንዲህ ስንተላለፍ ኖረን በመጨረሻ አንድ ዘዴ አበጀን። ገበያ ሲደርስ ይደውላል፤ ሁለት ጊዜ ጮሆ ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ከጮኸ ደህና ናቸው። እኔ አላነሳም፣ እሱም እንዳነሳለት አይጠብቅም። እንዲህ እየተባባልን ሁለት ዓመት ሆነን።

እኔና እህቴ የአባታችንን ዓይን ነው የወረስነው። አባታችን በስተርጅና ሞራ ጋርዶት በሰው እጅ እየተመራ ነበር የሚሄደው። የእኔ ዓይን ከጥቂት ዓመት በፊት ሲደበዝዝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቶር፣ የሐኪም ቀጠሮ ማለት ነው፣ እስኪደርሰኝ አራት ወር ጠበቅሁ፤ አራቱንም ወር አማረርኩ። እዚህ ቤርሼባ ሰው ሁሉ እንደሚለው እኔም እል ነበር፤ ጥሩ ጥሩው ሐኪም ሁሉ መርካዝ ነው፣ ቴል አቪቭ አካባቢ፤ ለእኛ ለደቡቦቹ የሚደርሰን የተረፈው ነው። ቀኑ ሲደርስ ጠዋት በአውቶቡስ ሄድኩ፣ ከቀትር በፊት አንድ ዓይኔ ተሸፍኖ ቤቴ ነበርኩ። በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የወጥ ቤቴን ግድግዳ ነው። በየቀኑ የምወለውለው ነጭ ሴራሚክ ቢጫ ሆኗል። ያን ሁሉ ጊዜ እንግዳ ምን ሲለኝ ኖሯል ብዬ ሦስት ቀን ስፈትግ ዋልኩ። ሐኪሙ አትጎንበሺ ብሎኝ ነበር።

የእህቴ ዓይን ከእኔ ቀድሞ ነው የታመመው። ለእሷ ግን የሚጠበቅ ቶርም አልነበረም። ጎንደር ከተማ፣ ወደዚህ ለመምጣት ተራውን የሚጠብቅ የአጎቴ ልጅ አለ። የዓይን ሐኪሞች አልፎ አልፎ መጥተው ለአንድ ሳምንት ሞራ ያነሳሉ ሲባል ሰምቶ የእህቴን ስም አስጽፎላት ነበር። መልሱ የመጣው የዚያ ቅዳሜ ዋዜማ፣ ዓርብ ማታ፣ የሰንበት ሻማ ልለኩስ ክብሪቱን በያዝኩበት ሰዓት ነው።

«ሰኞ ጠዋት እዚህ ትድረስ» አለኝ። «አንድ ቦታ ነው የተገኘው። ሰኞ ካልመጣች ለሌላ ይሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። በይ ሰንበት ገባ።» ብሎ ዘጋ። የአጎቴ ልጅ በሰንበት ነገር ከእኛ ይብሳል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል ስልክ አያነሳም።

የእህቴን ባል ቁጥር ሞከርኩ። የሚሰማው ያቺ ሴትዮ በቀረጻ «አሁን ማግኘት አይችሉም» የምትለው ብቻ ነው። ከዚያ ሻማዬን ለኮስኩ።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሰውየው ነገ እኩለ ቀን ገበያ ይወጣል። ይደውላል። እኔ አላነሳም። ወደ ቀዬው ይወርዳል። ሰንበት ሲወጣ እሱን የሚያገኝ ስልክ የለም። ሰኞ ያልፋል። የእህቴ ዓይን እንደ አባታችን ዓይን ሆኖ ይቀራል።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ዶሮው ከዓርብ ጀምሮ በርቶ በሚያድረው ማሞቂያ፣ ፕላታው ላይ ሲሞቅ ውሎ ቀርቧል፤ እኔ ግን አልቀመስኩም። ተማሪዋ በሰንበት አውቶቡስ ስለሌለ ከዩኒቨርሲቲው ሰፈር እስከ ሰፈራችን ሽኩና ቫቭ በእግሯ መጥታ ርቧት ነበርና በደንብ ትበላለች። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ።

«እትዬ፣ ስልክዎ ተዘጋ» አለችኝ።

«ደህና ናቸው ማለት ነው» አላት ባለቤቴ።

«እነማን?»

«እህቷና ባሏ።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ስልኩ ነዋ። ሁለት ጊዜ ጮኸ አይደል?»

ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። የምንቀልድባት መሰላት። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ሰኞ። ስጨርስ ምግቧን ትታ ነበር።

«ታዲያ መልሰው አይደውሉለትም?»

ባለቤቴ ዶሮ ጨመረላት።

«ሻባት ነው» አለቻት ልጄ። «ስልክ አንነካም።»

«ለእህታቸው ዓይንም?»

ልጄ ወደ እኔ ዞራ በዕብራይስጥ «ኢማ፣ እሷ እኮ ትችላለች። ንገሪያት በቃ» አለችኝ። ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ሰንበት የማያከብረውን ሰው ይህን ሥራልኝ ብሎ ማዘዝ ራስ እንደ መሥራት ነው። ይህን ልጄም ታውቃለች፤ የምታውቀውን መርሳት ግን አይከብዳትም።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስልኩ» አለ ወደ ጣሪያው እያየ፣ «መሳቢያው ላይ ነው ያለው። እንዲያው ለነገሩ ነው የምለው።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉት አባባ።

«ምንም። ዕቃ የት እንዳለ ነው የተናገርኩት። የዶሮው ድስትም ፕላታው ላይ ነው።»

ልጄ ቀጠለች። «አባ፣ የወንድሜ ልደት መቼ ነበር? ቀኑና ወሩ ጠፋብኝ።» የስልኬ መክፈቻ ቁጥር የወታደሩ ልጄ ልደት መሆኑን የማያውቅ በቤታችን የለም። አባቷ ቀስ ብሎ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ አድርጎ ነገራት።

ተማሪዋ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። ከዚያ ተነሳች። «አባባ፣ ልደውል እንዴ?» አለች።

አባባ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። «ይህ ጆሮዬ ከብዷል» አሉ። «ያንቺ እግር ነው፣ ያንቺ እጅ ነው። እዚህ ቤት ማንም ማንንም አላዘዘም።»

ስልኩን ከፍታ ደወለችና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ለቀቀችው። የገበያው ጫጫታ ሳሎናችን ገባ፤ የበግ ድምፅ፣ የሰው ድምፅ።

«ሄሎ? ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ? የምደውለው ከእስራኤል፣ ከባለቤትዎ እህት ቤት ነው።»

 ከዚያ የእህቴ ባል በቀጭን ድምፅ «ማን ነው የሞተው?» አለ።

«ማንም አልሞተም፣ እኔ…»

«ልጅቷ ናት? ወታደሩ ነው? አትደብቂኝ፣ ንገሪኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚህ ቤት በሰንበት ተደውሎለት አያውቅም። አሁን በሰንበት፣ ያውም የማያውቃት ሴት ደወለችለት። የእኛን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ተማሪዋ ልታስረዳው ስትሞክር እሱ «ወይኔ ወይኔ» እያለ ማልቀስ ጀመረ። ያገር ሰው ሲያለቅስ ብቻውን አይተውምና ገበያተኛው ተሰበሰበ። አንዱ አይዞህ ይለዋል፣ አንዷ አብራው ታለቅሳለች፣ አንዱ ደግሞ የሞተው ማን እንደሆነ ይጠይቃል።

«እያለቀሰ ነው» አለችኝ ተማሪዋ።  «እትዬ፣ ምን ልበለው?»

እኔ አፌን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አባባ ዳቦውን አስቀምጠው «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። «ሰውየው ገበያ መሐል ደረቱን እየደቃ እኛ እዚህ ምሳ እንብላ? ስልኩን የያዘችው እሷ ናት። አንቺ ተናገሪ።»

ተማሪዋ ስልኩን ወደ አፌ አቀረበችልኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ተናገርኩ። «እኔ ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን። ማንም አልሞተም። ዝም በል።»

ልቅሶው ቆመ። «እቴ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሰንበት?»

«በሰንበት።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው ደግ ሰው እንዲህ የምታስለቅሱ?» አለ። ዙሪያውን የነበረው ሰው ሳቀ፤ እኛም ቤት ውስጥ ሳቅን። ባለቤቴ እስኪያስለው ነው የሳቀው።

ስለ ሰኞው ነገርኩት።  ከዚያ ከተማሪዋ ጋር ስለ መንገዱ መነጋገር ጀመሩ፤ የተደናገሩትም ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም አማርኛ ነው የሚናገሩት፤ አንዳቸው የሚሉት ግን ለሌላው አይገባውም።

«ከቤት እስከ ጎንደር ታክሲ ቢይዙ ይሻላል» አለችው። «ስልክ ላይ ያሉበትን ቦታ ከላኩላቸው እደጅ ድረስ ይመጣሉ። ዓይን ስለሆነ ባትንገላታ።»

«የኔ ልጅ፣ ታክሲ አውቃለሁ» አላት። «መንገዱን አንቺ አምጪልኝ እንጂ ታክሲውን እኔ አላጣም።»

«መኪና አይገባም?»

«በቅሎ ይገባል። አቀበቱ ላይ ግን እሷም ታስባለች።»

«እስከ መኪናው ስንት ሰዓት ነው?»

«ለእኔ ሦስት። ዓይኗ ለማያይ ሴት እንጃ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የአዲስ አበባ ነኝ።»

«አዲስ አበባ» አለ እንደ ማሰብ ብሎ። «ሩቅ ነው እሱ። እስራኤል ይቀርበናል። ከእስራኤል ልብስም ይመጣል፣ መድኃኒትም ይመጣል። ከአዲስ አበባ የመጣልን ነገር አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ አንቺም በእስራኤል በኩል ነው የመጣሽው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ነው የቆመው። በኋላ እንደነገረችኝ አዲስ አበባ ከቤታቸው ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አንድ ሕንጻ ላይ ብቻ ሁለት የዓይን ክሊኒክ ታልፍ ነበር። አያቷ ሞራ የተነሳላቸው በቁርስና በምሳ መካከል ነው፤ ምሳቸውንም ቤት ተመልሰው ወጡ ጨው በዛበት እያሉ ነው የበሉት። ስለ ውሃ ለማጥናት ባሕር ተሻግራ እስክትመጣ ድረስ አገሯ ውስጥ በበቅሎ ብቻ የሚደረስበት ቦታ ያለ አይመስላትም ነበር። አላፈረችም፣ ግን በጣም ትጠይቅ ጀመር፤ እዚያ ውሃ ከየት ነው የሚቀዳው፣ ትምህርት ቤቱ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው ትለኛለች። እኔም እስከ ሦስተኛ ነው፣ እኔ የተማርኩት ሁሉ ያው ነው አልኳት።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ሐሳባቸው ተገናኘ። እሑድ ገና ሳይነጋ እህቴ በበቅሎ ትወጣለች። እኩለ ቀን ላይ ከገበያው ከተማ ድንች ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወርድ አይሱዙ አለ፤ የእህቴ ባል እዚያው ስልኩን ይዞ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገረና «ጋቢና ውስጥ ትቀመጣለች ብሏል» አለን። ተደሰትን። ባለቤቴ ጠርሙስ ከፈተ።

ያኔ ነው ከጫጫታው መካከል አንዲት ሴት «እኔንም ጻፉኝ» ያለችው።

«ማን ናት?» አልኩ።

«ጌሾ የምትሸጥ ናት» አለ የእህቴ ባል። «የእሷም ዓይን እንደ እህትሽ ነው። የሰማችው አሁን ነው።»

ሴትዮዋ ስልኩ አጠገብ ደርሳ ስሟን ተናገረች፣ የአባቷንም ስም ተናገረች። «እስራኤሎች፣ እኔንም ጻፉኝ። እኔ ዘመድ የለኝም እዚያ። ከእሷ ጋር ልሂድ?»

እኔ ጥንቁቅ ሴት ነኝ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ በር መቆለፌን ሦስት ጊዜ አያለሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳላስነብብ አልውጥም። ያን ቀን ግን ደስታው አሳስቶኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ አንድ ቦታ ብቻ መሆኑን የአጎቴ ልጅ በግልጽ ነግሮኝ እያለ፣ «ትምጣ» አልኩ።

«ትምጣ ብላለች» አለ እሱ። ገበያተኛው እልል አለ። ስልኩ ተዘጋ።

አባባ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ቦታው ሁለት ነው እንዴ?» አሉኝ። አንድ ነው አልኳቸው። 

ሰንበት ስለሆነ የሴትዮዋን ስም ከእኛ ማንም አልጻፈውም። ተማሪዋ ስልኩን ይዛ ስለነበር አልጻፈችም። ሲመሻሽ ሁላችንም በየራሳችን ሌላ ስም እንጠራለን። ሰንበት ሲወጣ ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ሁለት ሆነው ይመጣሉ አልኩት። «ማን አለሽ?» አለኝ። ማንም አላለኝም አልኩት።

እሑድ የምንከባከባት አሮጊት ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ሻይ ውስጥ ጨው ጨመርኩባት። ለምን እንደሆነ ስነግራት «ታዲያ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ» ብላ ራሷ መጠበቅ ጀመረች፤ በየሩብ ሰዓቱ «ደወለ?» ትለኛለች። ማታ ላይ የአጎቴ ልጅ ደወለ። ሁለቱም ከአይሱዙው አንድ ዱላ ይዘው ወርደዋል። እህቴ ፊት፣ ጌሾ ሻጯ ኋላ፤ መንገድ ላይ ሾፌሩን ሲያስቁት መጥተዋል። ከሦስታችን ያልጠፋው ዓይን ያንተ ብቻ ነውና ደህና አድርገህ ንዳ ብለውታል።

ሰኞ የእህቴ አንዱ ዓይን ተሠራ። ማክሰኞ ሽፋኑ ሲነሳ በማግስቱ መኪና ተከትሏት የመጣው ባሏ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ከፍቶ አሰማኝ።

«አንተ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?» አለችው።

«አንቺ ሳታይ ነዋ» አላት።

ከዚያ በቪዲዮ እኔን አሳዩአት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና «እናታችንን መስለሻል፣ ግን ወፍረሻል» አለችኝ። ልጄ ከኋላዬ ሆና ሳቀች። እህቴ አሁን ክር በመርፌ ታስገባለች። የእኔን ግድግዳ አሳይቼያት «ጥግ ላይ ቆሻሻ አለ» ብላኛለች፤ ከቤርሼባ አላየሁትም ነበር፣ እሷ ከጎንደር አየችው።

ጌሾ ሻጯ ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ አልገባችም። የአጎቴ ልጅ ለመነላት። ሰው ከቀረ በእሱ ፈንታ እናስገባታለን፣ እስከ ዓርብ ትጠብቅ አሉት። እህቴ መኪናው ስለሚመለስ ረቡዕ ሄደች። ስትሰናበታት ሴትዮዋ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ስማታለች፤ ፊቷንም የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየችው። ሐሙስ የአጎቴ ልጅ ዳቦ አደረሰላት። ዓርብ ሲሄድ የለችም። ዘበኛው ለሕክምና ገብታ እንደሆነ፣ ያገሯ ሰዎች ወስደዋት እንደሆነ አላውቅም አለው። የእህቴ ባል በየቅዳሜው የምትሸጥበትን ቦታ ያያል፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። ቆላ ልጇ ዘንድ ወርዳለች የሚሉ አሉ፤ ያያት ግን የለም።

እህቴ በአጎቴ ልጅ በኩል በምትልክብኝ መልእክት ሁሉ ስለ እሷ ትጠይቀኛለች። ትምጣ ያልኩት እኔ ነኝና መልሱን መፈለግ ያለብኝም እኔ ነኝ። ጌሾ ሻጯን ስሟን ኋላ ከእህቴ ሰምቼዋለሁ፣ ለሚጠይቅልኝ ሰው እነግረዋለሁ፤ አጭር ናት፤ ከነጠላዋ ላይ የወንድ ካፖርት ትደርባለች፤ ግራ እጇ ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ፤ ስትናገር ቶሎ ትስቃለች። ይህን የሚያነብ ሰው ከጎንደር ወዲያ ዘመድ ካለው፣ ወይም ራሱ ወደዚያ የሚሄድ ከሆነ፣ ስለ እሷ ይጠይቅልኝ። ዓይኗ ተሠርቶላት እንደሆነ፣ አልተሠራላትም እንደሆነ፣ የት እንዳለች ያወቀ ሰው ይንገረኝ።